የእናቴ እግር የሚያብጠው ስለማናበላት ነውን?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት እናቴ የአንጀት ካንሰር ወደ ጉበቷ ተሠራጭቶባት በሕክምና ላይ ትገኛለች። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል፤ ፊቷና ክንዷ ግን እየከሳ ነው። በደም ምርመራ አልቡሚኗ 2.3 መሆኑ ተነግሮናል። ዘመዶቻችን «እንቁላልና ሥጋ ብታበሏት እኮ ይህ አይመጣም ነበር» ይሉናል፤ እርሷ ግን ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይወርድላትም። ጥፋቱ የእኛ ነውን? አልቡሚኑን በደም ሥር ማሰጠትስ አይሻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን፣ መጠኑ በጤነኛ አዋቂ ሰው በዴሲ ሊትር ከ3.5 እስከ 5 ግራም ገደማ ነው። የተስፋፋ ካንሰር በሰውነት ውስጥ የማያቋርጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ስለሚቀሰቅስ፣ ጉበት አልቡሚን መሥራቱን ቀንሶ ብግነቱን የሚያጅቡ ሌሎች ፕሮቲኖችን ወደ ማምረት ያዘነብላል፤ ከደም ሥሮችም አልቡሚን ወደ ውጭ ይሾልካል። የምግብ ማነስ ችግሩን ያባብሳል እንጂ ብቻውን አያመጣውም፤ ስለዚህ ዘመዶችዎ ሕመሙን ትተው ማዕዱን መውቀሳቸው ተገቢ አይደለም።

አልቡሚን ፈሳሽን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይ በመሆኑ፣ ሲያንስ ውሃው ወደ ሥጋ ይወጣል። እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ይጀምራል፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የተሰረጎደው ቦታ ቶሎ አይሞላም። አልጋ ላይ የሚውል ሕመምተኛ ግን እግሩ ሳያብጥ ወገቡና መቀመጫው ሊያብጥ ስለሚችል፣ እዚያም ማየት ያስፈልጋል። ሆድ ውሃ ሲቋጥር ጥቂት በልቶ የመጥገብ ስሜት ይመጣል፤ ፈሳሹ በሳንባ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ድካም፣ የጡንቻ መመናመን፣ የቁስል አለመዳንና የአልጋ ቁስልም አብረው ይታያሉ። ሚዛን እዚህ ላይ ያታልላል፤ ሥጋው እየከሳ ውሃው ስለሚጨምር ኪሎው ያልቀነሰ ይመስላል።

እብጠት ሁሉ ግን ከአልቡሚን አይመጣም። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከታየም እንዲሁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በደም ሥር የሚሰጠው አልቡሚን ውድ ነው፤ የደሙን ቁጥር ለጊዜው ከፍ ቢያደርግም ዋናው ምክንያት እስካለ ድረስ ቶሎ ይወርዳል። ከሆድ ብዙ ውሃ ሲቀዳ ሐኪም ሊያዘው ይችላል፤ ለእግር እብጠት ሲባል ብቻ ግን ንብረት ሸጦ መግዛትን አልመክርም። እግርን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ አልጋ ላይ ጎን ማቀያየር ይረዳሉ። ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡ። እንደ ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) እና ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከአልቡሚን ጋር ስለሚጣበቁ፣ አልቡሚኑ ሲያንስም ኃይላቸው ሊበረታ ስለሚችል፣ እናትዎ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በሚቀናቸው ሰዓት ይስጧቸው፤ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ እርጎ፣ ለስላሳ የእንቁላል ጥብስ ከትልቅ ማዕድ ይሻላሉ። ጿሚ ከሆኑና እንቁላልና ወተቱ ካስጨነቃቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር ከእናንተ ውትወታ ይልቅ ይቀላቸዋል። አስገድዶ ማጉረስ ግን ትንታና ማስመለስ ያመጣል እንጂ አልቡሚኑን አይመልሰውም።