ከመቁረጣችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬአለሁ። አንዳንዶቻችሁ የቡድሃ እምነት የሚታይባቸው ፊልሞች ጠቁመን ብላችሁኛል። ብዙ ርዕስ አልደረድርላችሁም። አንድ ፊልም እዩ፣ ግን በደንብ እዩት።

ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ኪ ዱክ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው «ጸደይ፣ በጋ፣ መጸው፣ ክረምት... እና ጸደይ» ነው። ጁሳንጂ በሚባል ኩሬ ላይ የምትንሳፈፍ ገዳም አለች። ነዋሪዎቿ አንድ ሽማግሌ መነኩሴና አንድ ትንሽ ልጅ ናቸው። ልጁ ዓሣ፣ እንቁራሪትና እባብ ይዞ ድንጋይ በክር ያስርባቸዋል፤ ሲንፈራገጡ እያየ ይስቃል። መነኩሴው ያዩታል፣ አይቆጡም። ሌሊት ተኝቶ ሳለ በእሱም ጀርባ ላይ ድንጋይ ያስሩበታል። ጠዋት አውርዱልኝ ሲላቸው፣ መጀመሪያ ሄደህ እነሱን ፍታቸው፣ አንዳቸው ሞተው ካገኘህ ግን ድንጋዩን ዕድሜ ልክህን በልብህ ትሸከመዋለህ ይሉታል። እንቁራሪቷ ተርፋለች። ዓሣውና እባቡ ሞተዋል።

ስለ ካርማ፣ ሰው የሠራው ሥራ ወደ ራሱ ይመለሳል ስለሚለው ትምህርት፣ ሌላ ስብከት የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የሚጫወተው፣ በበረዶ መሃል ክብ ድንጋይ በገመድ ከወገቡ አስሮ፣ ሐውልት ታቅፎ፣ እየወደቀ እየተነሳ ተራራ ይወጣል። ለምን ብሎ የሚያስረዳን የለም። ድንጋዩን ግን እናውቀዋለን።

እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ በሩ ነው። ቤቱ ውስጥ ግድግዳ የሌለው በር ቆሟል። በጎን ማለፍ ይቻላል፤ እነሱ ግን በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ ከፍተው ይወጣሉ። ልጁ ጎርምሶ ፍቅር የያዘው ሌሊት ነው በጎኑ ሾልኮ የሚያልፈው። ምንኩስና ምን እንደሆነ፣ ሲፈርስም እንዴት እንደሚፈርስ፣ ያለ አንድ ቃል ታየ።

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙም ይህን ያውቅበት ነበር። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ካሜራው ባዶውን ክፍል ትንሽ ያየዋል። ካማኩራ በሚገኘው የኤንጋኩጂ ገዳም መቃብሩ ላይ የተቀረጸው «ሙ» የሚል አንድ ፊደል ነው። ምንም፣ ባዶ ማለት ነው።

ተመስጦ የሚለማመድ ሰው ትንፋሹን ሲከተል ይሰለቸዋል፤ መምህሩም ተነስ አይለውም፣ መሰልቸትህንም ተመልከተው ይለዋል። እናንተም ፊልሙን ስታዩ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ፍጥነቱን አትጨምሩ። የራሳችሁን ስትሠሩ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሰው ተናግሮ እንደጨረሰ አትቁረጡ።

ወጣት ሳለሁ ልጃቸውን የቀበሩ እናት የሚናገሩበት ዘጋቢ ፊልም ሰጡኝ። ተናግረው ሲጨርሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ተመልካች ይሰለቻል ብዬ ዝምታውን ቆርጬ ጣልኩት። በኋላ ፀፅቶኝ ልመልሰው ስሄድ ቴፑ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበታል።