ካርቶን ላይ ተቀምጣ ቻርት የምትጽፈው እህትሽ

"ጋሼ፣ ኮምቦልቻ አርክቴክቸር የምማር የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ" ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሌሎችም ስለሚያነቡት ነገሩን ባጭሩ ልድገመው። ታላቅ እህትሽ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ በሆነችበት አንድ ቀን ራት ይዘሽላት ዋርድ ገባሽ። የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ የታካሚ ኮመዲኖ ላይ ተደግፋ፣ በስልኳ መብራት ቻርት (የታካሚውን መከታተያ ወረቀት) ስትጽፍ አገኘሻት። እሱ ከዓይንሽ አልጠፋ አለ። ቆይተሽ ኢንተርኔት ላይ ስለ አንድ ዓይነት የቢሮ አሠራር አነበብሽ፤ ማንም የግል ጠረጴዛ የለውም፣ ሰው እንደሚሠራው ሥራ ቦታ ይቀያይራል። ይሄን ለሆስፒታል ሠራተኞች አድርጌ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላድርገው ስትዪ አንዱ መምህርሽ "አልጋ በጠፋበት አገር ለሠራተኛ ሶፋ?" አለሽ። ጓደኞችሽ ደግሞ "አፓርታማ ሥሪ፣ በዚህ ማን ይቀጥርሻል" አሉሽ። ጥያቄሽ ሁለት ነው። ያዋጣል ወይ? ከየት ልጀምር?

አብሽሪ፣ ያዋጣል። አካሄዱን ግን መቀየር አለብሽ።

ከሐሳቡ ልጀምር። ይሄ ነገር የተወለደው ቢሮ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተወራ፣ በ1990ዎቹ ኔዘርላንድስ ቲልበርግ ከተማ ያለው ኢንተርፖሊስ የሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ በሰፊው ሞከረውና ስሙ ወጣ። ቦታ የሚሰጠው ለሥራው ነው፣ ለሰውየው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ለሚጽፍ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ስልክ ለሚያወራ ትንሽ ክፍል፣ አምስት ሆነው ለሚከራከሩ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ። ደስ ይላል። ግን የኢንሹራንስ ሠራተኛን ከአልጋ ቁጥር 9 "ሲስተር! ሲስተር!" ብሎ የሚጠራው የለም።

ቢሮውም ቢሆን ሁሌ አይሳካም። እኔ የሠራሁበት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት "ዘመናዊ እንሁን" ብሎ ግድግዳ አፍርሶ የግል ጠረጴዛ ከለከለን። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እየመጣ መስኮት አጠገብ ያለችውን ወንበር መያዝ ጀመረ። አንዱ ባልደረባችንማ ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ ቤቱ ሄዶ ቁርሱን በልቶ ይመለስ ነበር። ምሥጢር ያለው ደረጃ ላይ ቆሞ ያወራል፣ የቀረነው ጆሮ ማዳመጫ ሰክተን እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ዝም። ኋላ ሳነብ የኛ ብቻ አለመሆኑን አወቅሁ። በፈረንጆቹ 2018 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ግድግዳቸውን ካነሱ በኋላ ሰው ከሰው ፊት ለፊት የሚያወራው በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ አግኝቶታል። ስለዚህ ከፒንተረስት የወረደ ባለ ሶፋና ባለ አበባ ማስቀመጫ ስዕል ይዘሽ መምህርሽ ፊት ከቀረብሽ እኔም ከሱ ጎን ነኝ።

አሁን ወደ ዋርዱ እንግባ።

አባቴን ሳስታምም አንድ ሆስፒታል ውስጥ 11 ቀን ከርሜያለሁ። አስታማሚ ደግሞ ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ፔርሙስህን ይዘህ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለህ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ታያለህ። አንድ ቀን ሲስተሯ ትሮሊው ላይ አጎንብሳ መድኃኒት ትቀምማለች። እኔ ሄጄ "ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል" አልኳት። ቀና አለች፣ "እሺ መጣሁ" አለች፣ ብልቃጡን አስቀመጠች፣ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አስታማሚ መጣ። ከዚያ ኢንተርኑ (ተለማማጁ ሐኪም) የሆነ ካርድ ፈልጎ መጣ። እያንዳንዳችን ስንመጣ ጣቷ ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለሳል። ያኔ አላስተዋልኩትም፣ እንዲያውም ዘገየች ብዬ ተበሳጭቼ ነበር። የናንተን ዓይነት ደብዳቤ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው የገባኝ። ያቺ ሴት የጎደላት ጀርባዋን ለኮሪደሩ ሰጥታ መድኃኒቷን ሳይጠሯት የምትቀምምበት አንድ ሜትር ተኩል ቦታ ነው።

እንግዲህ የሆስፒታሉን ሥራ በዓይነት በዓይነቱ ለዪው። መድኃኒት መቀመም መቋረጥ አይወድም። ቻርት መጻፍ ደግሞ ታካሚው ከዓይን ሳይርቅ መሆን አለበት፣ ስለዚህ እሱን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብትከቺው ነርሷ ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች፣ እመኚኝ። ለቤተሰብ መጥፎ ዜና መንገር በር ያለው ክፍል ይፈልጋል፤ ኮሪደር ላይ ሲነገር ስንቴ አይተናል። ምግብ መብላት ከታካሚና ከቆሻሻ ዕቃ የራቀ ቦታ፣ እጅ መታጠቢያውም እዚያው። ማረፍ ደግሞ ጨለማ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሌሊት የሠራ ሰው ለ20 ደቂቃ እንኳ ጋደም የሚልበት። ርክክብ፣ ወጪ ተረኛ ለገቢው ታካሚዎቹን የሚያስረክብበት፣ ብዙ ሰው ለአጭር ጊዜ የሚቆምበት ነው። ከነዚህ አንዳንዱ ቦታ ሊጋራ ይችላል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይጋራም። የትኛው ከየትኛው እንደሚጋራ መለየት ነው የአንቺ ሙያ።

ቁጥሩን እንየው። እንበልና ዋርዱ 24 ነርሶች አሉት። የተለመደው አሠራር ለሄድ ነርሷ አንድ ጠረጴዛ ይሰጥና ሌላው እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን ይላል። ግን 24ቱም ባንድ ጊዜ አይገኙም። በአንድ ሺፍት 6 ናቸው እንበል። በርክክብ ሰዓት ገቢና ወጪ ተደምሮ 12 ይሆናሉ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለ6 ሰው መጻፊያ ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ላይ ሳይከመር በየአልጋው መደዳ የተበተነ፣ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ የሚታጠፍ፣ ቁመቱ ቆሞ ለመጻፍ የሚመች፣ መብራትና ሶኬት ያለው። ቻርቱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በገባበት ቦታ ሶኬት ያልታሰበበት ዲዛይን ማለት ከመሬት ላይ የሚጎተት ማከፋፈያ ማለት ነው። ከዚያ 12 ሰው ቆሞ የሚይዝ፣ ሰሌዳ ያለው አንድ ክፍል። ጠዋት ርክክብ፣ ረፋድ ላይ የተማሪዎች ማስተማሪያ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ማታ ማረፊያ። እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ማለት ይሄ ነው። ሶፋ የለበትም፣ ብዙ ብርም አይጠይቅም፣ ደሴ ያለ አናጢ ይሠራዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከኛ አገር ልጨምርልሽ፤ የፈረንጅ ምሳሌ ውስጥ አታገኚውም።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቂዋለሽ። ተረኛዋ ሲበርዳት መስኮት ትዘጋለች፣ መስኮት ሲዘጋ አየር አይንቀሳቀስም፣ አየር ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ቲቢን የመሰለ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ለሷም ለአጠገቧ ላለው ታካሚም ይተርፋል። ለሠራተኛ የሚሞቅ ትንሽ ክፍል መሥራት እንግዲህ ቅንጦት ነው ወይስ ኢንፌክሽን መከላከያ? ሠራተኛው የሚሞቅበት ካገኘ፣ ታካሚውም በቂ ብርድ ልብስ ካለው፣ የዋርዱ መስኮት ክፍት የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል። ወረድ ብለሽ ኮምቦልቻ ብትሠሪው ደግሞ ጥያቄው ሙቀት ይሆናል፣ ክፍሉም ፊቱን ያዞራል። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ልዩነት ሁለት መልስ፤ ለቴሲስ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጊያለሽ።

ሌላው፣ ወሎ ላይ በአንድ ሺፍት ውስጥ ሰጋጅም ጿሚም ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዷ መግሪብ ሲደርስ መጋዘን ውስጥ በካርቶን መሃል ትሰግዳለች፣ ሌላዋ ሁዳዴ ላይ ከ9 ሰዓት በኋላ የምትበላበት ታጣለች፤ በረመዷን ደግሞ ባልደረባዋ በቴምር ታፈጥራለች፣ እሷ ሥራውን ትሸፍናለች። ይሄን ማንም አያዛቸውም፣ ሲኖሩት የኖሩት ነው። ንጹሕ ወለል፣ በር ላይ ጫማ ማውለቂያ፣ አጠገቡ ቧንቧ። ሦስት ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ቡናውንም አትርሺ። ሦስቱንም፣ አቦሉን ቶናውን በረካውን መጠጣት ዋርድ ላይ አይታሰብም፣ ግን አንድ ስኒ የሚጠጣበት ቦታ ከሌለ ሰው ከጊቢ ውጭ ወጥቶ ይጠጣል፣ እስኪመለስ ደግሞ ዋርዱ ጎዶሎ ነው።

"አልጋ በጠፋበት" ወዳለው መምህርሽ ልመለስ። ተሳስቷል አልልም፣ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ግን ክርክር ሳይሆን ቁጥር ነው የሚሰጥልሽ። በፈረንጆቹ 1984 ሮጀር አልሪክ የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ታካሚዎች መዝገብ አገላብጦ፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻ ያነሰ እንደወሰዱ አሳየ። ከዚያ በፊትም "መስኮት ጥሩ ነው" የሚል አርክቴክት ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን የመዝገብ ማስረጃ ይዞ መጣ። አንቺም "ነርሷ ቻርት ለመጻፍ በሺፍት ይሄን ያህል ጊዜ ትመላለሳለች፣ መድኃኒት ስትቀምም ይሄን ያህል ጊዜ ትቋረጣለች" ስትዪው መምህርሽ ወንበሩን ወደ አንቺ ያስጠጋል።

ቁጥሩ የሚገኘው ከዋርድ ነው። ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አጽፊ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አስገቢ፣ ፈቃድ ሳይሰጡሽ አትግቢ። እህትሽ እዚያ ስለምትሠራ በጓሮ በር ልግባ ማለትን እርሺው፣ እሷኑ ነው የምታስጠይቂው። ከተቻለ ሌላ ዋርድ ያዢ። የወለሉን ፕላን በእጅሽ ሳዪ፣ በየ15 ደቂቃው ማን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ምልክት አድርጊ። የታካሚ ስምም ፎቶም አይኑርበት። ጠዋት፣ ከሰዓትና ሌሊት መሆን አለበት፤ ቀን ብቻ ያየ ሰው ሆስፒታል አላየም። ደሴ ካለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አንድ የነርሲንግ ተማሪ ብትጨምሪ ደግሞ አንቺ "ቆማለች" ብለሽ የምትጽፊውን እሷ "ደም ከመስጠቷ በፊት እያረጋገጠች ነው" ትልሻለች።

ስለ ሥራው በግልጽ ልንገርሽ። "የሆስፒታል ሠራተኞች የሥራ ቦታ ዲዛይነር" የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፣ አትጠብቂው። የምትቀጠሪው አርክቴክት ተብለሽ ነው። ልዩነቱ ቃለ መጠይቁ ላይ ነው የሚመጣው። ሌላው አፓርታማ ሲያሳይ አንቺ የአንድ ዋርድ የ24 ሰዓት ካርታ ታወጪያለሽ። የጤና ተቋም የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች፣ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለጤና ግንባታ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኙ ያስታውሱታል። ከሁሉ የቀረበሽ ገበያ ግን አፍንጫሽ ሥር ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መኖሪያ ቤት ተከራይተው ክሊኒክ የሚከፍቱት። መኝታ ቤቱ ላቦራቶሪ፣ ኩሽናው መርፌ ክፍል ይሆናል፣ ሠራተኛው ደረጃ ሥር ይበላል። እነሱ ሙሉ ዲዛይን የማሠራት አቅም ላይኖራቸው ይችላል። የሁለት ሳምንት ሥራ፣ አንድ ፕላን፣ አንድ የዕቃ ዝርዝር ግን ይገዙሻል። በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፈው የነበሩትንም የኛን አካባቢ ሆስፒታሎች አስቢያቸው። የተሰበረ በተተካ ቁጥር "እንደነበረው ይመለስ ወይስ ይሻሻል?" የሚል ጥያቄ አለ፣ ጠያቂ ግን ያስፈልገዋል።

ለኢንተርንሺፕ የጤና ሕንፃ እጁ ላይ ያለ ድርጅት ፈልጊ፣ ስሙ ባይገንም ግድ የለም። የመውጫ ፈተናውን አትናቂው፤ በቴሲስ ፍቅር ተይዞ እሱ ላይ የተደናቀፈ ልጅ አውቃለሁ። ማስተርሱ ይቆይ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ ምን እንደማታውቂ አውቀሽ ብትገቢ ይሻላል።

ደብዳቤው እስኪፈቀድልሽ ድረስ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። እህትሽ እቤት ስትመጣ ያንን የግሉኮስ ካርቶን የሚያህል ነገር ላይ አስቀምጫትና በሜትር ለኪ። መቀመጫው ከወለል ስንት ሴንቲ ነው፣ ጉልበቷ የት ይደርሳል፣ እንደ ኮመዲኖው ከፍ ያለ ነገር ላይ ስትጽፍ ክርኗ ምን ያህል ይነሳል፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ወገቧን ትይዛለች። ሦስት አራት ቁጥር ነው። ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ ስለ ቀጣዩ እናወራለን።