የዘይት ቀለም የፊት ሥዕልን ከጥንት ሥራ ቀድቶ መማር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ሥዕል ይሻላል?

መልስ፦ አንድ ፊት፣ አንድ የብርሃን ምንጭና ባዶ ዳራ ያለው። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የፌርሜር «ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ» (1665 ገደማ) ትመቻለች። 44.5 በ39 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነች በልኳ መቅዳት ይቻላል። ሌላው ሆላንዳዊ ሠዓሊ ሬምብራንት በስተርጅና የሣላቸው ያጓጓሉ፤ ግን የወፍራም ቀለማቸው ቅደም ተከተል ከፎቶ አይነበብም። ይቆዩ።

ጥያቄ፦ በፎቶውና በሸራው ላይ ፍርግርግ መሥመር አስምሮ መንደፍ ማጭበርበር አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ባለ 5 ሴንቲሜትር ካሬ ይበቃል። ነገር ግን መሥመሮቹን አጥፍተው ንድፉን በዓይን ይፈትሹ፤ የተዛነፈ ዓይን በቀለም አይቃናም።

ጥያቄ፦ ከንድፍ በኋላ ምን ይቅደም? እኔ በቀጥታ የቆዳ ቀለም እቀባለሁ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መቅዳት የሚያስተምረው ከላይ የሚታየውን ሳይሆን የንብርብሩን ቅደም ተከተል ሲከተሉ ነው። መጀመሪያ ሸራውን በስስ ቡናማ ያቅልሙና ይድረቅ። ቀጥሎ በተርፔንታይን በቀጠነ አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ የአፈር ቀለም) ጥላውን ብቻ ይጣሉ፤ ብርሃኑን በጨርቅ ጠርገው ያውጡ። አምበር ቶሎ ስለሚደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሦስተኛው ዙር ሙሉ ቀለም ነው፦ ብርሃኑ ላይ ወፈር፣ ጥላው ላይ ሳሳ አድርጎ፣ ዘይት ሳይጨምሩ። ይህ ሲነኩት እጅ የማይዝ እስኪሆን፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ፣ ይጠብቁ። በመጨረሻ ጥቂት የተልባ ዘይት የገባበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይደርቡ።

ዘይት የበዛበት ሁልጊዜ ከላይ ይሁን። ከተገለበጠ፣ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ ቆዳዋ ኖራ የተቀባ መሰለብኝ።

መልስ፦ ነጭ በዝቷል። የጥንቶቹ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ነጭ ነበር የሚጠቀሙት፤ የዛሬው ቲታኒየም ነጭ በጣም ስለሚያይል ሌላውን ቀለም ያደበዝዛል። በትንሽ በትንሹ ያስገቡት፤ ግንባሩን ለማፍካት ከነጩ ጋር ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) እና ጥቂት ቀይ ይጨምሩ። ንጹሕ ነጭ አንድ ነጠብጣብ ከግንባሯ አጠገብ አድርገው ያስተያዩ፤ በጣም ብሩህ የመሰለው ቆዳ ነጭ አለመሆኑ ወዲያው ይታያል። ነጩን ለዓይን ብልጭታና ለዕንቁው ይቆጥቡ። ጥላውንም በጥቁርና ነጭ ድብልቅ አይሥሩት፤ ሰማያዊ ወደሚመስል ግራጫ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አፍንጫዋ ከፊቷ ላይ የተለጠፈ ሆነ።

መልስ፦ ዙሪያውን በመሥመር ስለከበቡት ነው። ዋናውን ልብ ብለው ይዩ፦ የአፍንጫዋ ድልድይና የወዲያኛው ጉንጭ መካከል መሥመር የለም፤ ተዋህደዋል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ጠርዙን ያደብዝዙት። ዕንቁውም እንዲሁ ነው፤ ከላይ አንድ ደማቅ ነጥብ፣ ከታች የነጭ አንገትጌው ነጸብራቅ። ጉትቻው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ እንኳ አልተሣለም።

ጥያቄ፦ ዳራው ጥቁር ነው አይደል? ከቱቦው እንዳለ ልቀባው?

መልስ፦ ዛሬ ጥቁር ይመስላል እንጂ ፌርሜር በጨለማው ላይ አረንጓዴ ስስ ሽፋን ደርቦበት ነበር፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ተበላሸ። ስለዚህ ጥቁሩን ቀብተው ሲደርቅ አረንጓዴ ስስ ሽፋን ያልፉበት። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ብቻውን ዳራውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ በስልክ ላይ ያለው ምስል ቀለሙ በየፎቶው ይለያያል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሥዕሉ ያለበት ሙዚየም ራሱ ያወጣውን። የእሷን በሄግ ያለው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ጥርት ባለ መጠን ይሰጣል። አንድ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አትመው አጠገብዎ ይስቀሉ፤ የብርሃንና የጥላው ልኬት ከቀለሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቅጂውን መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ፌርሜር የሞተው በ1675 ስለሆነ የቅጂ መብት አያግድዎትም። የራስዎን ስም ይፈርሙ፤ ከጀርባውም «ከፌርሜር የተቀዳ» ብለው ይጻፉ። የእሱን ፊርማ ከቀዱና እንደ ዋናው ከሸጡ ግን ሐሰተኛ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቫርኒሽ መቼ?

መልስ፦ ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይቆዩ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ጨምድደው አይጣሉ፤ ሲደርቅ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያስቀምጡት።