ጎመኑ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይድረስ

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ «በሩብ ሄክታር አትክልት፣ ያለ ኬሚካል፣ ኑሮ ይገፋል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይገፋል። ጥያቄዋ ግን ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን የእነዚያን ወጣቶች ማሳ አስታወሰኝ።

ቢሾፍቱ አካባቢ ነበር። የእነሱም መሬት ሩብ ሄክታር ነው፤ ሥራ አልከበዳቸውም። ጭድ፣ እርጥብ ቅጠልና የከብት ፍግ ደራርበው፣ በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጡ፣ ብስባሹን በአራት ወር አደረሱ። ቅጠል የሚመጠውን ተባይ፣ ክሽክሹን፣ ገና ሲጀምር በሳሙና ውኃ ረጩት። የጥቅል ጎመኑን ችግኝ ግን በአንድ ሳምንት ተክለው ጨረሱ። በችግኝ መካከል 40፣ በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር፤ መተላለፊያው ሲቀነስ 8 ሺህ ገደማ ጥቅል ጎመን። ሁሉም አብሮ ደረሰ። የደረሰ ጥቅል ጎመን ደግሞ ገበያ አይጠብቅም፤ ሥሩ ውኃ መሳቡን ስለማያቆም ከውስጥ እየገፋ ይሰነጠቃል። ደላላው ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ዋጋ ጠርቶ ሄደ፤ ሲመለስ የተሰነጠቀውን እያሳየ ግማሹን ጠራ። ጥቅሉን ጨብጦ ግማሽ ዙር ማዞር ከሥሩ ጥቂቱን እንደሚበጥስና መሰንጠቁን ለቀናት እንደሚያዘገይ የነገራቸው የለም። ልጆቹ ተበተኑ። እንዲያ ያለ ብስባሽ የሚያውቁ እጆች ከመሬት መለየታቸው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በየ15 ቀኑ ጥቂት መደብ ብቻ ትከሉ። ጥቅል ጎመን በችግኝ መደብ አንድ ወር፣ በማሳ ከ75 እስከ 90 ቀን ይቆያል፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የተዘራው ለሁዳዴ ይደርሳል፣ ያኔ የአትክልት ገበያ ይደራል። የየሳምንቱን ወጪ ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ይሸፍኑት፤ የውጩን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ከመሃል አምስት ያህል ብትተዉለት ለወራት ይሰጣችኋል።

የዛሬ ወጣቶች ብስባሽ ሳትከምሩ የጠብታ መስኖ ትገዛላችሁ፤ ስልክም ታበዛላችሁ። ይሁንና በዚያው ስልክ ሠላሳ ቤተሰብ መዝግባችሁ ሳምንታዊ ትዕዛዝ ብትቀበሉ ደላላ አያስፈልጋችሁም፤ እንግዲያው አትተዉት።

ትኩስ ፍግ ሰላጣና ካሮት አጠገብ አይድረስ። ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል፤ ካልበሰበሰ ከአጨዳ አራት ወር በፊት አፈር ውስጥ መግባት አለበት።

አዲስ አበባ ዳር ላላችሁ ደግሞ፦ በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ ማሳ ኬሚካል ባይረጭበትም ምርቱን ኦርጋኒክ ብላችሁ አትሽጡ። ከፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚገባውን መርዛማ ከባድ ብረት ብስባሽ ከአፈር አያስወጣውም። ንጹሕ የጉድጓድ ውኃ ከሌላችሁ መሬት ሌላ ቦታ ተከራዩ።