ሳይካትሪ ነርስ መሆን ለምትፈልገው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆነሽ ሠርተሻል። አሁን ወደ ሳይካትሪ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና፣ መዞር አምሮሻል። እናትሽ «አንቺም አብረሽ ታብጃለሽ» ብለውሻል፣ ጓደኞችሽም «ታካሚዎቹ ይደበድቡሻል» እያሉ አስፈርተውሻል። በእርግጥ አደጋ አለው ወይ፣ ከየትስ ልጀምር ነው ያልሽው። በአጭሩ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ረዘመብኝ። ሥራውን ስለምወደው ነውና ታገሺኝ።

እኔ ከገባሁበት አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አምስቱን ዓመት በአንድ የዞን ሆስፒታል፣ ቀሪውን አዲስ አበባ ነው የሠራሁት። የእኔም እናት መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳለች። ጎረቤት «ልጅሽ የት ነው የምትሠራው?» ሲላት «ሆስፒታል» ብላ ነበር የምታልፈው። ዛሬ ሰፈር ውስጥ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲኖር ቀድማ የምትደውልልኝ እሷ ናት። የአእምሮ ሕመም እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ድካሙ ሌላ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሥራው እኛ አገር ምን እንደሆነ እወቂ። ሳይካትሪ ነርስ ማለት ሐኪም ያዘዘውን መርፌ የሚወጋ ብቻ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ሳይካትሪ ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሐኪሞችን እዚሁ አገር በሳይካትሪ ስፔሻላይዝ ማድረግ የተጀመረው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ አስቢው። በየክልሉ ሆስፒታል በሽተኛውን የሚመረምረው፣ መድኃኒት የሚጀምረው፣ ቤተሰብ የሚመክረው ነርስ ነበር። ዛሬም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሦስት ወንበር፣ የካርድ ክምር፣ ውጭ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈ ሰው ይጠብቅሻል።

ስለዚህ ሁለት ዓመትሽ በከንቱ አልሄደም። እንዲያውም ትልቁ ስንቅሽ እሱ ነው። አንድ ቀን አንድ አባወራ በገመድ ታስሮ መጣ። «ጨርቁን ሊጥል ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ይለፈልፋል» አሉን። ተማሪዎች አጠገቤ ነበሩ፣ የሳይኮሲስን፣ ማለትም ሰው ከእውነታ የሚለይበትን ሕመም፣ ምልክቶች እየቆጠሩ። ግንባሩን ስነካው በላብ ርሷል። የጣት ደም ወስደን ስኳሩን ለካን፤ እጅግ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጠነው። ሰውዬው ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ምነው አሰራችሁኝ?» አለ። የስኳር መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ሳይበላ ማሳ ውሎ ነበር ለካ። በድንገት የጀመረ መቃዠት ሲመጣብሽ መጀመሪያ ሙቀት፣ ስኳርና የደም ግፊት ለኪ። ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ምት ሁሉም እብደት መስለው ይመጣሉ። አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው ድንገት ሲያቋርጥም በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል። እሱን ወደ ቤት ከመለስሽው ሊሞት ይችላል።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። በዚህ ሥራ በሽተኛውን ከማረጋጋት ይልቅ የሚከብደው በወሩ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት እናት ነው።

ገና በሦስተኛው ሳምንቴ ይመስለኛል። የማታ ተረኛ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጠዋት ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሚያረጋጋ መርፌ ተወግቷል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። «ሲስተር ድረሽልኝ፣ እንደገና ያዘው!» አሉኝ። ስገባ አንገቱ ወደ ቀኝ ተጠማዟል። ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለዋል። ምላሱ አልታዘዘው ብሎ ምራቁ ይንጠባጠባል። ግን ይሰማኛል። እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። እናቱ በሃይላንድ ላስቲክ ያመጡትን ጸበል ይረጩበታል። ይህ ዲስቶኒያ የሚባለው ነው፣ መድኃኒቱ ጡንቻ ላይ የሚያመጣው ጣጣ። ይህን የሚያላቅቀውን ፕሮሜታዚን ወጋሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። መጀመሪያ ያለው ቃል «ውኃ» ነበር። እናትየው ግን እያለቀሱ «ሁለተኛ ይህን መርፌ አታስነኩብኝም» አሉ።

ልክ ነበሩ። ሊመጣ እንደሚችል ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ልጁ ወጣ፣ ለቀጠሮው አልመጣም። ከሰባት ወር በኋላ ሲመጣ እግሩ ላይ የሰንሰለት ቁስል ነበረው።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት ቁጭ ብዬ እነግራለሁ። «አንገትህን ወይም መንጋጋህን ጨምድዶ ከያዘህ መድኃኒቱ ነው፣ በሽታው አይደለም፣ ቶሎ ና» እላለሁ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስደውን ከአልጋ ቀስ ብሎ እንዲነሳ፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ባርኔጣ እንዲያደርግ እመክራለሁ። እጁ ከተንቀጠቀጠ አርቴን የሚባል ማስታገሻ መድኃኒት እንዳለለት እነግረዋለሁ። ወንዶቹን ደግሞ አስታማሚውን ለአፍታ አስወጥቼ «ከሚስትህ ጋር አልጋ ላይ ችግር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ መድኃኒት የሚያቋርጡት በዚህ ነው። አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሰለቸው በየወሩ የሚወጋው ሞዲኬት የሚባል መርፌ አለ። ይህን ማስረዳት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ውጭ አርባ ሰው ተሰልፎ አሥር ደቂቃ ከየት ይመጣል ትያለሽ። እውነት ነው። ግን አሁን ያልሰጠሽውን ደቂቃ በኋላ በድንገተኛ ክፍል ትከፍይዋለሽ።

ሌላው ማንም የማይነግርሽ፣ ከሚመጡልሽ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። እኛ አገር ወደ ሳይካትሪ ክፍል ነው የሚላኩት። አሁንም ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱ፣ ጥርስ መሃል ማንኪያ የሚከቱ አሉ። ቤተሰቡን አስቀምጠሽ አሳያቸው። በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ማላላት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም። ፌኖባርቢታል የሚባለው የዚህ በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ የማያባራ የሚጥል ጥቃት ሊያመጣ ይችላል። «መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኑ» በያቸው።

አደጋው? በአሥራ ሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ። አንዱን ጥፊ የቀመስኩት በር ላይ ቆሜ ታካሚውን መውጫ ስለከለከልኩት ነው። የተጨነቀ ሰው መውጫ ሲያጣ ይገፋሻል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ማንንም አይነኩም። መንገድ ላይ ድንጋይ የሚወረወረው በእነሱ ላይ ነው። ቢሆንም ጥንቃቄ አይጎዳም። ወንበርሽ ለበሩ ይቅረብ፣ ታካሚውም ግን መውጫ እንዳያጣ። ፀጉርሽን እሰሪ፣ አንገትሽ ላይ ሻርፕ አትጠምጥሚ። ከወዲያ ወዲህ መንጎራደድ፣ የተጨበጠ እጅ፣ ከፍ እያለ የሚሄድ ድምፅ ካየሽ የራስሽን ድምፅ ዝቅ አድርጊ። አንድ ሰው ብቻ ያናግረው። አምስት ሰው በአንዴ «ተረጋጋ!» ብሎ ሲጮህበት ማን ይረጋጋል? ብቻሽን ጀግና ለመሆን አትሞክሪ። ማሰር ግድ ከሆነ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ በቡድን ይሁን። የእጅና የእግሩን የደም ዝውውር ቶሎ ቶሎ እዪ፣ ውኃ ስጪው፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን።

ከድብደባው ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ነው። ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ማንንም አይረብሽም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። በግልጽ ጠይቂ። «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይ። ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም። እንዲያውም ብዙዎች ትንፋሻቸውን ለቀቅ ያደርጋሉ። ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ እንዲህ ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ጫማዋን አየች። ከዚያ «እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ወደ ቤት አይሄድም። መድኃኒቱን የሚይዘው ቤተሰብ ነው፣ የሚሰጠውም ለጥቂት ቀን የሚሆን ብቻ። ቀጠሮውም ቅርብ ይሁን።

ከራሴ ጥፋት አንዱን ልንገርሽ። ዋርድ ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት «ለወንድሜ ደውዪልኝ» አለችኝ። «እሺ፣ ማታ እደውላለሁ» አልኩ። ርክክብ በዛ፣ ረሳሁት። በማግስቱ ሰላም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእጄ መድኃኒት አልተቀበለችም። ድምፅ ይሰማት ነበር፣ ድምፁም «ሁሉም ይዋሹሻል» ይላት ነበር። እኔ ደግሞ ድምፁን አስመሰከርኩለት። አሁን የማልፈጽመውን ቃል አልገባም። ከገባሁ እጄ ላይ እጽፈዋለሁ።

ስለ ጸበል ደግሞ ስሚኝ። አትጣዪው። «ጸበሉን ተዉ» ያልሽ ቀን ቤተሰቡን አጣሽ። «ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» በይ። ጾም ስለሆነ ጠዋት አልውጥም የሚል ብዙ ነው። መድኃኒቱ የሚፈቅድ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ አዙሪለት። ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ማታ መወሰዳቸው ይሻላል። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ንስሐ አባታቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠይቄ አውቃለሁ። አባ መጥተው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ ዋጥ» አሉት። ዋጠ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከዚያው ካለሽበት ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ያስጀመረው ኤምኤች ጋፕ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥልጠናው በሳይካትሪ ላልተማሩ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ድብርትን፣ ሳይኮሲስን፣ የሚጥል በሽታን፣ የመጠጥ ችግርን እንዴት እንደምታዪ በደረጃ ያሳያል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትሽን ጠይቂ። ሥልጠናው ባይደርስሽም መመሪያውን አውርደሽ አንብቢ። ከዚያ በአቅራቢያሽ ባለ ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል የዓመት ዕረፍትሽን ሁለት ሳምንት ተቀመጪ። አስፈቅጂና ዝም ብለሽ ወንበር ይዘሽ ስሚ። የመጀመሪያው ሳምንት ያስጨንቅሻል፣ በእሱ አትወስኚ። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎቹን በስማቸው መጥራት ትጀምሪያለሽ። ያኔ ይገባሻል። ዲግሪሽን በሳይካትሪ ነርሲንግ መማር ትችያለሽ። ዲግሪ ካለሽ ደግሞ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በተቀናጀ ክሊኒካልና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ማስተርስ ይሰጣሉ። መሥሪያ ቤትሽ ቢልክሽ ጥሩ ነው። ደመወዝሽ አይቋረጥም፣ ስትመለሺም ቦታ አለሽ።

ድካሙን እመለስበታለሁ ብዬሻለሁ። ሰው ያወረደውን ሸክም አንቺ ይዘሽው እንዳትሄጂ። እኔ ከዲዩቲ ስወጣ ታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብዬ እወርድና በእግሬ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ ለልጆቼ እናት ነኝ። ከምትሠሪበት ክፍል አንድ የምታምኛት ባልደረባ ይኑርሽ። ቡና እየጠጣችሁ የዋለውን ተነጋገሩ፣ የታካሚ ስም ግን ከክፍሉ አይወጣም። ሰፈር ውስጥ «እንትና እዚያ መጥቶ ነበር አሉ» ሲሉሽ አላውቅም በይ። መንገድ ላይ ታካሚሽን ብታገኚውም እሱ ሰላም ካላለሽ አንቺ አትቅደሚ።

እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ወደ ሳይካትሪ ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ። የክትትል ቀን ይሁን፣ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡበት። መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ልጇን ያዘለች እናት አለች። ወረፋው ላይ አብረዋቸው ይቀመጡ። የእኔ እናት የተለወጠችው እንደዚያ ነው። አጠገቧ ከነበረችው ሴትዮ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ሲጫወቱ ቆይተው «ለመሆኑ አንቺ ማንን ልታስታምሚ ነው?» ብትላት፣ ሴትዮዋ «እኔ ነኝ ታካሚዋ» አለቻት።

ለየትኛው ሆስፒታል ቅርብ እንደሆንሽ ብትነግሪኝ፣ እዚያ ያሉ የማውቃቸውን ባልደረቦች እጠይቅልሻለሁ። ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ጠዋት ስወጣ አያለሁ።