መጀመሪያ የመንደርደሪያውን ጫፍ እዩት

የአውሮፕላን ማረፊያችን በጀት ትንሽ ነው፣ መጀመሪያ የመንደርደሪያውን መብራት እንቀይር ወይስ ጫፉን እናስተካክል ነው ጥያቄህ አይደል? እኔ ብሆን ከጫፉ እጀምራለሁ። አውሮፕላን መቆም አቅቶት ከመንደርደሪያው ሲወጣ ጉዳቱን የሚያባብሰው እዚያ የሚጠብቀው ነገር ነው፤ ቦይ፣ የኮንክሪት መሠረት፣ ገደል። የአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) መስፈርት ከጫፉ በኋላ 60 ሜትር ጠርዝ፣ ከዚያ ቀጥሎ ቢያንስ 90 ሜትር የደህንነት ቦታ ይጠይቃል፤ ለረጃጅም መንደርደሪያዎች ደግሞ 240 ሜትር ይመክራል።

መሬት ከሌላችሁስ? አንደኛው መፍትሔ አውሮፕላን ሲወጣበት የሚፈርስ ብሎክ ማንጠፍ ነው። ጎማው እየሰመጠ ይቆማል፣ ግን ውድ ነው። ሌላው የተረፈው አስፋልት የደህንነት ቦታ እንዲሆን በይፋ የሚታወጀውን የመንደርደሪያ ርዝመት ማሳጠር ነው። ይሄኛው በጣም ይረክሳል፤ አየር መንገዶቹ ግን የሚጭኑት ክብደት ሊቀንስባቸው ስለሚችል ማጉረምረማቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

ጎን ለጎን ርካሹን ሥራ ጨርሱ። አስፋልቱ ላይ የተጣበቀውን የጎማ ቅሪት አስወግዱ፣ የደበዘዘውን ቀለም ቀቡ፣ እንስሳ እንዳይገባ አጥሩን ጠግኑ። ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ወጣ ብላችሁ ውሃው የት እንደሚተኛ በዓይናችሁ እዩ፣ ቢሮ ተቀምጦ ከተጻፈ ሪፖርት ይሻላል (ይሄን ስል መሐንዲሶች እንዳትቀየሙኝ)። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የመንደርደሪያ ሁኔታ (ምን ያህል እንደሚያንሸራትት) ለፓይለት የሚነገረው ከ0 እስከ 6 ባለው ኮድ ስለሆነ፣ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው አሠልጥኑ። መብራቱ በሚቀጥለው ዙር ይድረስ፣ አሁን ያለው እስከሠራ ድረስ።