ሐር ያልሆነው «ሐር»

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ የገዛሁትን የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ነጋዴው «ሐር» ብሎ ሸጠልኝ፤ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ግን «ናይለን ነው» አለኝ። ማን ልክ ነው? አጻጻፉስ «ናይለን» ነው «ናይሎን»?

መልስ፦ ሰፊው ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን ፖሊስተሩን (ሌላውን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ጨርቅ) ሁሉ «ናይለን» ብሎ የሚጠቀልል ይመስላል። ሐር ትል የሚፈትለው ክር ነው፤ ቃሉም ከዐረብኛው «ሐሪር» ጋር አንድ ነው። (ሐረር ከተማን ከሐር የሚያወልዱ አሉ፤ የድምፅ መመሳሰል ግን ዝምድና አይሆንም።) «ለስላሳውን ሁሉ ሐር ብንለው ምን አለበት፣ ትርጉም ይሰፋል» ይሉናል። ይስፋ! ከፋዩ ግን የትል ክር ዋጋ አውጥቶ የነዳጅ ዘይት ውጤት ይዞ ይገባል።

ጥፋቱ የጀመረው ከአምራቾቹ ነው። ሬዮን ይህን ስም ያገኘው በ1924 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት «ሰው ሠራሽ ሐር» እየተባለ ይሸጥ ነበር። የሚሠራው ከተሟሟ የእንጨት ቃጫ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ቢሆንም ሲንቴቲክ አይደለም። ሲንቴቲክ የሚባለው እንደ ናይለን ቃጫው ራሱ ከኬሚካል የተገነባው ነው። አማርኛችን ሁለቱን ባንድ «ሰው ሠራሽ» ማለፉ ያሳዝናል። (በንጉሡ ሠ ይጻፍ፤ የ«ሥርዓት» ወንድም ነውና።)

ናይለን በ1935 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ በኬሚስቱ ካሮዘርስ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ በ1938 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ስሙን ከኒው ዮርክና ከለንደን የሚያጋጥሙት ተረት ነው። መነሻው «ኖ ረን»፣ ማለትም «አይተረተርም» ነበር፤ የናይለን ካልሲ ግን ይተረተራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፊደላቱን (norun) ገልብጠው «ኑሮን» (nuron) አሉት (ለእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው!)፤ ቀጥሎ «ኒሎን»፣ በመጨረሻ «ናይሎን» ሆነ። ጭራው የሬዮን ስለሆነ እኔ «ናይሎን» ይጻፍ ባይ ነኝ። ሆኖም «ናይለን ካልሲ»፣ «ናይለን ገመድ» የሚለው ሕዝብ አሸንፏል፤ እሺ፣ «ናይለን» ጻፉት።

ጨርቁን ለመለየት ጥቂት ክር መዝዘው በወረንጦ ይዘው ይለኩሱት። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ይደቃል። ሬዮን እንደ ወረቀት ይነድዳል። ናይለንና ፖሊስተር ከእሳቱ ሸሽተው ይኮማተራሉ፣ ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱ የማይደቅ ጠንካራ ዶቃ ይተዋሉ። ጠብታው ቆዳ ላይ ይጣበቃልና እጅዎን ያርቁ። ድሩንና ማጉን ለየብቻ ይፈትኑ፤ ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ፖሊስተር ሊሆን ይችላል።